ስለ ካፋ የውጭ ግንኙነት ታሪክ እና ከዶክትሬት በኋላ ስላለው የምርምር ዕድል

(ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች በቦንጋ የተደረገ ንግግር ቃል)





ማኅበራችሁ ስለ ዲፕሎማሲ ታሪክና ስለ ዓለም አቀፍ ግንኙነት፣ ይልቁንም ሰው ዶክትሬቱን ከጨረሰ በኋላ በነዚህ ትምህርቶች ስለሚያገኘው የምርምር ዕድል እንድናገር ስለ ጋበዘኝ ምስጋናዬን በቅድሚያ አቀርባለሁ። አንዳንዶቻችሁ፣ «ገና የመጀመሪያውን ዲግሪ ሳንጨርስ ከዶክትሬት በኋላ ስላለው ነገር መስማት ምን ይረባናል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱንም በንግግሬ መካከል ታገኙታላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ለጊዜው ግን ይህን ያህል ልበል፤ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ስንቁን የሚቋጥረው ከቤቱ ነው እንጂ መንገድ ከጀመረ በኋላ አይደለም።

የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ የነገሩን ስም እናጥራ። ከዶክትሬት በኋላ የሚደረግ ምርምር አዲስ ዲግሪ አይደለም። ፈተና የለውም፤ ካባና ቆብም አያስለብስም። አንድ ሰው ዶክትሬቱን ካገኘ በኋላ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም በአንድ የጥናት ተቋም ተጠግቶ፣ አንድ ወይም ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ያህል ደመወዝ ወይም ድጎማ እየተከፈለው፣ ራሱ የመረጠውን ጥያቄ የሚመረምርበት ጊዜ ነው። በዶክትሬቱ ዘመን የሚመራው መምህር ነበረው፤ ወደ ማስተማር ሥራ ከገባም በኋላ የትምህርት ሰዓት፣ የኮሚቴ ስብሰባና የፈተና ወረቀት ጊዜውን ይወስዱበታል። በሁለቱ መካከል ያለችው አጭር ጊዜ ግን ለጥያቄው ብቻ የተሰጠች ናት። በአገራችን ብዙ ጥሩ የዶክትሬት ጽሑፍ በመደርደሪያ ላይ ተኝቶ የቀረው፣ ጽሑፉ መጽሐፍ ሊሆን የሚችልበት ይህን የመሰለ ጊዜ ለባለቤቱ ስላልተሰጠው ነው።

ሁለተኛው ስም የዲፕሎማሲ ታሪክ ነው። ብዙ ሰው ዲፕሎማሲ ሲባል የሚታየው ጥቁር ልብስ፣ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛና ማኅተም ያለበት ውል ነው። ስለዚህም የዲፕሎማሲ ታሪክ የአዲስ አበባ፣ የጄኔቭ ወይም የኒው ዮርክ ጉዳይ ነው፤ የቦንጋ ድርሻ ቡናና ደን ነው ይባላል። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ካፋ ለዲፕሎማሲ ታሪክ ተመራማሪ ከማናቸውም የኢትዮጵያ ክፍል ያላነሰ ጉዳይ አላት። ዳሩ ግን ይህ ጉዳይ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የተጻፈው በእንግዶች እጅ ነው። በባለቤቱ ቋንቋ የተጠየቀበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ካፋ እስከ 1897 ድረስ የራሷ ንጉሥ የነበራት መንግሥት መሆኗን ታውቃላችሁ። ንጉሡ «ታቶ» ይባላል፤ ሚክረቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎችም ነበሩት። የአገሩ ወሰን በጉድባና በኬላ የተጠበቀ ነበረ። እንግዳ ሰው እንደ ልቡ አይገባም፤ ከገባም በኋላ እንደ ልቡ አይወጣም። ይህን ያዩ መንገደኞች ካፋን ዝግ አገር ብለዋታል። ነገር ግን ጉድባና ኬላ ያለው አገር ግንኙነት የሌለው አገር ማለት አይደለም። ኬላ የሚሠራው የሚያልፍ ነገር ስላለ ነው። ከቦንጋ ተነሥቶ በጅማና በሊሙ እናርያ፣ ከዚያም በጎጃም ገበያዎች እስከ ጎንደርና ምጽዋ የሚደርስ የንግድ መንገድ ነበረ። ቡና፣ ኮረሪማ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በዚያ መንገድ ይወጡ ነበር። አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ይገቡ ነበር። ሰውም በዚያው መንገድ እየተነዳ ይሸጥ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ነገር የምናገረው በሐዘን ነው፤ ሳልናገር ብቀር ግን ታሪክን አስተምሬያችኋለሁ ማለት አልችልም።

ከጎረቤት መንግሥታት ጋርም የመልእክትና የጋብቻ ግንኙነት ነበረ። ለዚህ አንድ ምስክር ላንሣ። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1843 ወደ ካፋ የገባው በሠርግ ምክንያት ነው። የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከካፋ ንጉሥ ቤተ ሰብ ሚስት ለማምጣት የላከውን መልእክተኛ ተከትሎ ቦንጋ ደረሰ። የዚያ ዘመን የአውሮፓ መንግሥታት ይህን የመሰለ ነገር ሲያደርጉ የሥርወ መንግሥት ጋብቻ ተብሎ በዲፕሎማሲ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ይሰጠዋል። ሁለት የጊቤና የጎጀብ ነገሥታት ሲያደርጉት ግን ስለ ሕዝቦች ልማድ በሚናገር መጽሐፍ ውስጥ ይመደባል። ለምን? አንድ ወጣት ተመራማሪ ሁለት ዓመት ሙሉ ሊሠራበት የሚገባ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌዬ እመጣለሁ። ካፋ በጦር ከመያዟ በፊት ሦስት ጊዜ በወረቀት ላይ ለሌላ ተሰጥታለች።

አንደኛው በ1881 ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ራስ አዳልን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ብለው ሲያነግሡ የሰጡት ማዕርግ የጎጃምና የካፋ ንጉሥ የሚል ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1882፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በእምባቦ የተዋጉት የዚህን የደቡብ ምዕራቡን ሀብታም አገር ንግድና ግብር ማን ይዞ ይቆይ በሚል ነው። በዚያን ጊዜ የካፋ ንጉሥ በዙፋኑ ላይ ነበረ።

ሁለተኛው በማርች 24 ቀን 1891 ነው። በሮማ ከተማ የእንግሊዝ አምባሳደር ሎርድ ደፈሪንና የኢጣሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ማርኬዝ ዲ ሩዲኒ አንድ ስምምነት ፈረሙ። በስምምነቱ መሠረት የሁለቱን መንግሥታት የተጽዕኖ ክልል የሚለየው መሥመር የጁባን ወንዝ ተከትሎ እስከ 6ኛው የሰሜን ኬክሮስ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ እስከ 35ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ሰሜን እስከ ዓባይ ይወጣል። እስቲ ካርታችሁን ክፈቱ። ቦንጋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ7 ዲግሪ ከሩብ ገደማ፣ ከግሪኒች በስተ ምሥራቅ በ36 ዲግሪ ከሩብ ገደማ ላይ ትገኛለች። እንግዲህ ሁለት ፈራሚዎች ያላዩዋት ከተማ በማስመሪያ ብቻ ወደ ኢጣሊያ ክልል ገባች ማለት ነው።

ሦስተኛው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በዚያው በ1891 በኤፕሪል ወር ነው። ዐፄ ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት የታወቀ ደብዳቤ የኢትዮጵያን ወሰን ሲዘረዝሩ እስከ ሶባት ወንዝና እስከ ሳምቡሩ ሐይቅ፣ ይኸውም ዛሬ ቱርካና እስከሚባለው ሐይቅ ድረስ አደረሱት። ካፋ በዚህ ወሰን ውስጥ ናት። የሮማው መሥመር ኢትዮጵያን ለኢጣሊያ ሲያወርስ የምኒልክ ደብዳቤ ደግሞ ይህን የሚያፈርስ መልስ ነበረ፤ በዚህም የኢትዮጵያን ነጻነት ለመጠበቅ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ይሁን እንጂ ደብዳቤው ሲጻፍ ታቶ ጋኪ ሸረቾ ከነገሠ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ሆኖት ነበር። የምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዛዥነት ካፋን ይዞ ንጉሡን የማረከው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 1897 ነው።

እነዚህ ሦስት ወረቀቶች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው በአገር ውስጥ ታሪክ ይነገራል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው የአፍሪካ መቀራመት በሚባለው ምዕራፍ ይጠቀሳሉ። ሦስቱን በአንድነት አስቀምጦ ከቦንጋ ሆኖ መመልከት ግን ሌላ ሥራ ነው። በአንደራቻ ቤተ መንግሥት ከነዚህ ነገሮች የትኛው ተሰማ? በነጋዴ በኩል ነው ወይስ በመልእክተኛ? አማካሪዎቹ ምን መከሩ? የጅማው አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን በውስጥ አስተዳደር ይዘው እስከ 1932 ቆዩ፤ የካፋው ንጉሥ ተዋግቶ ዙፋኑን አጣ። ሁለት ጎረቤት ነገሥታት፣ አንድ ኃይል በፊታቸው ቆሞ፣ ሁለት የተለያየ ውሳኔ ወሰኑ። ደካማ መንግሥት በኃያል ፊት እንዴት ይወስናል የሚለው የዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ትልቁ ጥያቄ ነው። በአቴና ታሪክ ተምረነዋል፤ በጎጀብ ወንዝ ዳርና ዳር ልንማረው እንችላለን።

ይህ ታሪክ በ1897 አያበቃም። ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች በ1898 መጀመሪያ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ከካፋ ተነሥቶ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ሄዶ፣ ያየውን በ1900 በመጽሐፍ አሳተመ። የኦስትሪያው ፍሪድሪክ ቢበር በ1905 ወደ ካፋ ገባ፤ በዚያው ዓመት ኦስትሪያ ሃንጋሪ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ስታደርግ ከተልእኮው ጋር ነበረ። የካፋ ነገሥታት ዘውድም በዐፄ ምኒልክ አማካሪ በአልፍሬድ ኢልግ እጅ ወደ ዙሪክ ተወስዶ ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል። ኢትዮጵያም በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ የካፋና የማጂ አገር የባሪያ ንግድ ነገር በጄኔቭ ጠረጴዛ ላይ ቀረበ። በማጂ የነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል አርኖልድ ሆድሰንም ስለ አገሩ ጽፏል። በ1935 ኢጣሊያ ወረራዋን ለማጽደቅ ለማኅበሩ ባቀረበችው ክስ ውስጥ የባርነት ነገር ዋና ማስረጃዋ ነበረ። የዚህ ምድር ሰዎች መከራ ዕውነተኛ ነበረ፤ ያን መከራ ለሌላ ዓላማ የተጠቀሙበት መንግሥታት መኖራቸውም ዕውነት ነው። ሁለቱን ሳያምታታ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ ሰነዶቹ የት ናቸው? በአጭሩ ልዘርዝር። የዳባዲ የብራና መጻሕፍትና ወረቀቶች በፓሪስ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከ1859 እስከ 1861 በካፋ የቆዩት የካፑቺን ሚሲዮናዊ፣ በኋላም ካርዲናል የሆኑት ጉልየልሞ ማሳያ የሠላሳ አምስት ዓመት ትዝታቸውን በ12 ቅጽ አሳትመዋል፤ የሚሲዮኑ ደብዳቤዎች በሮማ ናቸው። የኢጣሊያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና የቅኝ ግዛት መሥሪያ ቤቱ መዛግብትም እዚያው ሮማ ናቸው። የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ዶሴዎች በለንደን አጠገብ በኪው ይገኛሉ። ቢበር ከካፋ የሰበሰባቸው ዕቃዎች በቪየና አሉ። የመንግሥታት ማኅበር መዛግብት በጄኔቭ ሲሆኑ፣ ከ2017 እስከ 2022 በተካሄደ ሥራ በኮምፒውተር ተቀርጸው ማንም ሰው በነጻ እንዲያነባቸው ተደርገዋል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለእናንተ ትልቅ ትርጉም አለው፤ የቦንጋ ተማሪ ዛሬ ማታ የጄኔቭን ዶሴ ለማንበብ ቪዛ አያስፈልገውም። በአገራችንም በ1944 የተቋቋመው የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት መሥሪያ ቤት፣ እንዲሁም ከ1963 ጀምሮ የሚሠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አሉ።

ይህን ሁሉ ስትሰሙ አንድ ነገር እንዳስተዋላችሁ አልጠራጠርም። እያንዳንዱ ቤት በቋንቋ ቁልፍ ይከፈታል። ለፓሪስ ፈረንሳይኛ፣ ለሮማ ኢጣሊያንኛ፣ ለቪየና ጀርመንኛ፣ ለቡላቶቪች ሩሲያኛ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ሁሉን ሊችል አይችልም፤ ሁሉን ልያዝ ያለ አንዱንም አይጨብጥም። ስለዚህ ምክሬ፣ አንድ ቋንቋ ምረጡ፤ ዛሬ ጀምሩ፤ አምስት ዓመት ስጡት ነው። ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሳላችሁ ይህን ነገር መስማት ምን ይረባናል ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። በሠላሳ ዓመት ዕድሜው የድኅረ ዶክትሬት ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ኢጣሊያንኛን በዚያ ሳምንት ሊማረው አይችልም።

ከሁሉ በፊት የሚመጣ አንድ ቋንቋ ግን አለ፤ እርሱም ካፊ ኖኖ ነው። ሌኦ ራይኒሽ በ1888 ስለዚህ ቋንቋ መጽሐፍ አሳትሟል። ኤንሪኮ ቼሩሊም በ1951 ሰፊ ጥናት አውጥቷል። ቼሩሊ በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ በኢጣሊያ ለጋሲዮን ያገለገለ ዲፕሎማት፣ በወረራውም ዘመን ከፍተኛ ሹም የነበረ ሰው መሆኑን አስታውሱ። የውጭ መንግሥታት ባለሥልጣኖች ይህን ቋንቋ ለማወቅ የደከሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ከእናንተ መካከል ግን ከእናቱ ጋር በካፊ ኖኖ እየተነጋገረ አድጎ፣ ቋንቋው ለምርምር ይረባል ብሎ ያላሰበ ሰው ሊኖር ይችላል። ለዚያ ሰው የምለው፣ ፈረንጅ ሃያ ዓመት የሚደክምበትን መሣሪያ አንተ በነጻ ይዘኸዋል ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ተመራማሪ ቪየና ድረስ ሄዶ ቢበርን ከመገልበጥ አያልፍም።

መሣሪያው ብቻ ደግሞ አይበቃም፤ የሚጠየቁትም ሰዎች በሕይወት መኖር አለባቸው። ታቶ ጋኪ ሸረቾ የተያዘበትን ዘመን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ የለም። ከአያቱ የሰማ ሽማግሌ ግን አለ፤ ነገ ላይኖር ይችላል። ስለ ሚንጆ ነገሥታት ትውልድ፣ ስለ አማካሪዎቹ ጎሣዎች፣ ስለ መልእክተኞችና ስለ ኬላ ጠባቂዎች የሚነገረው ቃል በማንኛውም የአውሮፓ መዝገብ ቤት አይገኝም። በተለይም በኅብረተሰቡ ዝቅ ተደርገው ይታዩ የነበሩትን ማንጆ የሚባሉትን ወገኖች አትርሱ። በቀድሞው መንግሥት ዘመን በኬላ ጥበቃ ያገለግሉ እንደ ነበር ይነገራል። ከበሩ ላይ ቆሞ የገባውንና የወጣውን ያየውን ሰው ልጅ ሳይጠይቁ የወሰንን ታሪክ መጻፍ እንዴት ይቻላል? ወደ አባቶችና ወደ እናቶች ቤት ስትሄዱም እንደ ልጅ ግቡ፤ ቸኩላችሁ አትውጡ፤ የሰጧችሁን ቃል ከነስማቸው በአክብሮት መዝግቡ፤ ስማቸው እንዳይጠራ ከፈለጉም ፈቃዳቸውን ጠብቁ።

አሁን ወደ ገንዘቡና ወደ ዕድሉ እመለሳለሁ፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ይህንን እንደ ሆነ አውቃለሁ።

በጀርመን አገር የአሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ድርጅት በማናቸውም ትምህርት፣ ከማናቸውም አገር ለሚመጡ ዶክተሮች ከ6 እስከ 24 ወር የሚደርስ የምርምር ጊዜ ይሰጣል። አመልካቹ በጀርመን አገር የሚቀበለው ምሁር አስቀድሞ ማግኘት አለበት። ለታሪክ ሰው በተለይ የሚስማማው የጌርዳ ሄንክል ድርጅት ነው፤ ሥራው የታሪክ ትምህርቶችን መርዳት ነውና። በሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው በሂዮብ ሉዶልፍ ስም የተሰየመው የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል ከ2003 እስከ 2014 ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካን በ5 ቅጽ ያዘጋጀ ቤት ስለ ሆነ፣ ለተቀባይነት ሊታሰብ የሚገባው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ ስም ለድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪዎች የሚሰጠው ድጎማ አለ፤ ዜግነት አይመርጥም፤ ዶክትሬቱን ከያዘ 8 ዓመት ያላለፈውን ሰው ይቀበላል። በአፍሪካ ውስጥም በደቡብ አፍሪካ በስቴለንቦሽ ያለው የከፍተኛ ጥናት ተቋም ለአፍሪካ ወጣት ምሁራን «ኢሶ ሎምሶ» የሚባል፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ተከፋፍሎ የሚሠራበት ዕድል አዘጋጅቷል። ኢሶ ሎምሶ በኮሳ ቋንቋ የነገ ዓይን ማለት ነው። በአዲስ አበባም ለዓለም አቀፍ ግንኙነት ተመራማሪ የዩኒቨርሲቲው የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም አለ፤ የፈረንሳይ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከልም ለታሪክ ተመራማሪ ጥሩ መጠጊያ ነው። የነዚህ ሁሉ ደንብ ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚሻሻል፣ ከማመልከት በፊት የዓመቱን ደንብ ራስ ማንበብ ነው እንጂ በጓደኛ ወሬ መታመን አይገባም።

እዚህ ላይ ሁለተኛው መልሴ ይመጣል። አብዛኛዎቹ ድርጅቶች ዓመት ይቆጥራሉ። ቆጠራው የሚጀምረው ዶክትሬቱ ከተያዘበት ቀን ነው። ከዶክትሬቱ በኋላ አምስት ስድስት ዓመት በሹመትና በስብሰባ ያሳለፈ ሰው ወደ ምርምር ልመለስ ሲል በሩ ሊዘጋበት ይችላል። ሌላም ነገር አለ። መራጮቹ የሚያነቡት የአመልካቹን ጥያቄ ነው። «የኢትዮጵያ የውጭ ግንኙነት ታሪክ» ብሎ የሚያመለክት ሰው ምንም አላለም፤ ሃያ ሰው እንዲሁ ብሎ ያመለክታል። «በ1891 በሮማ የተፈረመው መሥመርና በካፋ ቤተ መንግሥት የነበረው ወሬና ምክር» ብሎ የሚያመለክት ሰው ግን የት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያነብ፣ ማንን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ መሆኑን በአንድ መሥመር አስረድቷል። ከርሱ በቀር ይህን ሊሠራ የሚችል ሰው ጥቂት መሆኑንም መራጩ ወዲያው ይረዳል። ቦንጋ ውስጥ መማር ጉዳት የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ በዚህ ነገር ላይ ጥቅማችሁ መሆኑን ዕወቁ።

ሦስት ተቃውሞዎችን ሳልመልስ ባልፍ ንግግሬ ጎደሎ ይሆናል።

አንዳንዶች፣ «ካፋ በዓለም መንግሥታት የታወቀች ስላልነበረች ታሪኳ የዲፕሎማሲ ታሪክ ሊባል አይችልም» ይላሉ። ማወቅና አለማወቅ ራሱ የዲፕሎማሲ ሥራ ነው። የሮማው ስምምነት ፈራሚዎች ካፋን ሳያውቋት መሥመር አስምረዋል። አለማወቃቸው መብት ሊሰጣቸው እንደ ሞከረ መመርመር እንጂ የነርሱን አለማወቅ የትምህርታችን ወሰን ማድረግ አይገባንም።

ሌሎች ደግሞ፣ «የቆየ ቁስል መነካካት ነው፤ አንድነትን ይጎዳል» ይላሉ። ስለ 1897 ስንናገር አንዱ ማቅናት፣ ሌላው ወረራ፣ ሦስተኛው ውሕደት ይለዋል። ቡላቶቪች ባለፈበት አገር የጦርነቱን ጥፋት አይቶ ጽፏል፤ ይህን የሚደብቅ የታሪክ ጸሐፊ አያስፈልገንም። እንዲሁም የቀድሞውን መንግሥት ያለ ነቀፋ የሚያሞግስና በቦንጋ ገበያ የተሸጠውን ሰው የሚረሳ ጸሐፊ አያስፈልገንም። ቁስል የሚያመረቅዘው ሳይታይ ሲሸፈን ነው። ከ2021 ጀምሮ ካፋ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ናት፤ ቦንጋም የክልሉ የፖለቲካ መቀመጫ ናት። ብዙ ሕዝቦች በአንድ ክልል ሲኖሩ፣ የትናንት ጎረቤትነታቸው በጋብቻም፣ በንግድም፣ በጦርነትም እንዴት እንደ ነበረ በማስረጃ ማወቅ ለሰላማቸው ይረዳል እንጂ አይጎዳም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ከባድ ነው፤ «የሄደው አይመለስም» የሚል ነው። ይህን በስድብ አልመልሰውም። የሄደው ያልተመለሰበት ምክንያት ሁልጊዜ ክህደት አይደለም፤ ሲመለስ የሚቀመጥበት ወንበር፣ የሚያነበው መጽሐፍ፣ ለምርምር የሚለቀቅ ሰዓት አለማግኘቱም ነው። ስለዚህ ዕድሉን ከውጭ ብቻ አንጠብቅ። ዩኒቨርሲቲያችን፣ ዞኑና ክልሉ ተመካክረው በዓመት አንድ ሰው እንኳ፣ ዶክትሬቱን የያዘ፣ ከትምህርት ጭነት ነጻ ሆኖ ቦንጋ ላይ ተቀምጦ የካፋን የውጭ ግንኙነት የሚያጠናበት ቦታ ቢከፍቱ፣ ወጪው ከአንድ መኪና አይበልጥም። በካፋ ደን ላይ የሚሠሩ የውጭ ተመራማሪዎች ወደዚህ ይመጣሉ፤ ደኑ በ2010 በዩኔስኮ የሕይወታዊ ሀብት ክልል ሆኖ ተመዝግቧልና። ለታሪኩም እንዲሁ የሚመጡበት ቤት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የቪየናና የሮማ ምሁር ማመልከቻ እየጻፈ ተቀባይ የሚፈልገው እዚህ ይሆናል።

እስከዚያው ድረስ ማኅበራችሁ ገንዘብ ሳይጠብቅ ሊጀምር የሚችለው ሥራ አለ። ክረምት ሲመጣ ወደየወረዳችሁ ትመለሳላችሁ። እያንዳንዳችሁ ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት ባልቴት ስለ ኬላ፣ ስለ ገበያ መንገድ፣ ስለ መልእክተኛና ስለ ጋብቻ የሰማችሁትን በካፊ ኖኖ እንደ ተነገረ፣ በግርጌውም በአማርኛ ተርጉማችሁ፣ የተናጋሪውን ዕድሜና የተነገረበትን ቀን ጨምራችሁ አምጡ። ሌላ ቋንቋ የሚናገር ተማሪም በራሱ ቋንቋ ይጻፍ፤ የጎረቤት ምስክርነት ያስፈልገናልና። ማኅበሩ አንድ ሣጥንና አንድ መዝገብ ያዘጋጅ። ከእናንተ አንዱ ወይም አንዷ ከአሥር ዓመት በኋላ የድኅረ ዶክትሬት ማመልከቻ ስትጽፉ፣ በዓለም ላይ ሌላ ማንም የሌለው ማስረጃ በእጃችሁ ይኖራል።

 አሁን ጥያቄያችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።